ለወንዝ የሚነጠፍ አኻያ

ኒውዚላንድ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ ወይዘሮ ያኮባ ዴ ቦንት
ኦስተርዋርድ፣ ሆላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ፖስታው ላይ የኦስተርዋርድን ስም ሳነብ አራት ቀን ሳልከፍተው ከዳቦ ሣጥኑ ጀርባ አስቀመጥኩት፤ መልሱ የዘገየው በዚህ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከመንደሩ ስወጣ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። አሁን ሰባ ዘጠኝ ልደፍን ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከዚያ ይጽፍልኝ የነበረ ሰው ቢኖር እህቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ካረፈች ቆየች።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ የአኻያ ሠራተኞቹ አለቃ እኔ ነበርኩ፤ አሥራ አራት ዓመት። አዎ፣ በላኩልኝ ፎቶግራፍ ላይ ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ የቆመው እኔ ነኝ። ከጎኔ ያለው ረጅሙ ሃይበርት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለውንና ሲስቅ የተነሳውን ስሙን አላወቅነውም ብለዋል። ሃርማን ይባላል፤ የሃይበርት ታናሽ ወንድም ነው።

ወንዙ ዳርቻውን እንዳይበላ ከሥሩ የምናሰጥመው የአኻያ ምንጣፍ እንዴት እንደሚሠራ ጽፌ እንድልክልዎ ለጠየቁኝ ግን እሺ ማለት ይከብደኛል። ሃይበርት በሕይወት ካለ እሱን ይጠይቁት። ስለ እሱ ምንም አልጻፉልኝም።

ሥራዎ ይቃናልዎ። ከአክብሮት ጋር፣
ሌንደርት ፋን ሆርሰን


ኦስተርዋርድ፣ ማርች 11 ቀን 1991

ለተከበሩ አጎት ሌንደርት፣

እንደምን ከርመዋል? እዚህ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳያስፈቅዱኝ «አጎት» ስላልኩዎ እንዳይቀየሙኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ማን እንደሆንኩ በደንብ አልገለጽኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዴ ቦንት የባለቤቴ ስም ነው፤ እሱም ካለፈ ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ የመሻገሪያ ጀልባ ቀዛፊው የዲርክ ልጅ ነኝ። ወንዙ በበረዶ ረግቶ አባቴ ሥራ ፈትቶ በዋለበት ክረምት፣ እኔንና ሁለት እህቶቼን በመንሸራተቻ ጋሪ ላይ ጭነው ወዲያ ማዶ ትምህርት ቤት ያደርሱን የነበሩት እርስዎ ነዎት። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ሌንደርት የልጆቼን ትምህርት አስቀጠለልኝ» ሲል ኖሯል። እኔም አስተማሪ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ሠራሁ። ምስጋናው አርፍዶ ስለደረሰ ይቅር ይበሉኝ።

አጎት ሃይበርት በሕይወት አሉ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከግድቡ ሥር ባለው የአረጋውያን ቤት ነው የሚኖሩት። እግራቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን አልደከመም። ስለ ምንጣፉ ስጠይቃቸው «እኔ ሠራተኛ ነበርኩ፣ የሚያውቀው አለቃው ነው» አሉኝ። የት እንዳሉ አውቃለሁ ብዬ የእርስዎን ስም ስጠራ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ።

ለምን እንደምንለምንዎ ልንገርዎ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው የአኻያ ማሳ ብቻ ነው የቀረን፤ ሌላው ሁሉ ተመንጥሯል። እኛ የመንደሩን ቅርስ የምንጠብቅ አሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ በየሦስት ዓመቱ እንቆርጠዋለን፣ የሠራተኞቹን ጎጆም አድሰነዋል። አሁን የወንዙ መሥሪያ ቤት ከማሳው በታች ያለው የወንዙ ጠመዝማዛ እየተበላ ስለሆነ ድንጋይ ላፈስበት ነው ይላል። ድንጋዩን ለማመላለስ ደግሞ መንገዱ በማሳው መሐል ያልፋል። ለመንናቸው። መሐንዲሱ ደግ ሰው ነው፤ «እናንተ እንደ ድሮው አንድ ምንጣፍ ሠርታችሁ አስጥሙ፤ አንድ ክረምት ከያዘ ማሳችሁን አልነካም» አለን። ደስ ብሎን ወጣን። ደጅ ስንደርስ ነው አንዳችንም መሥራት እንደማንችል ትዝ ያለን።

ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ሁለቱ ባለፈው ክረምት አረፉ። የቀሩት እርስዎና አጎት ሃይበርት ናችሁ።

አክባሪዎ፣ ያኮባ


ኒውዚላንድ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1991

ውድ ያኮባ፣

የዲርክ ልጅ መሆንሽን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ያንን ደረቅ ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር። ከሦስታችሁ የትኛዋ ነሽ? ጓንቷን ሁልጊዜ የምትጥለዋ ትሆኚ? አባትሽ ወንዙን አንድ ቀን እንኳ ሳይሰድበው የተሻገረ ሰው አልነበረም። ስለ መንሸራተቻው አታመስግኚኝ፤ እኔም መንሸራተት እወድ ነበር፣ እናንተ ሰበብ ሆናችሁልኝ።

እሺ፣ እጽፍልሻለሁ። በደንብ አንብቢ።

አኻያው የሚቆረጠው ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ ቡቃያው ሳይነሳ ነው። ቀጫጭኑን እየደራረባችሁ በሁለት መዳፍ የሚታቀፍ ረጅም ጉንጉን ትሠራላችሁ፤ በየስንዝሩ በእርጥብ ቅርንጫፍ ጠምዝዛችሁ ታስሩታላችሁ። ጉንጉኑ ሲታጠፍ እንደ ድመት ጀርባ መለመጥ አለበት፤ ከተሰበረ ጣሉት። ከዚያ ጉንጉኖቹን መሬት ላይ አንድ እርምጃ እያራራቃችሁ፣ በቁመትና በአግድም እንደ መስኮት ፍርግርግ ዘርጓቸው። በተጋጠሙበት ሁሉ ቅጥራን በጠጣ ገመድ እሰሩ፤ የገመዱን ጫፍ ግን አትቁረጡት፣ ረጅም አድርጋችሁ ወደ ላይ ተዉት። በላዩ ቅርንጫፍ ሦስት ድርብ፣ አንዱን በቁመት አንዱን በአግድም። ከዚያ ሁለተኛው ፍርግርግ። ያ የተረፈው ገመድ በድርቦቹ መሐል ወጥቶ ላይኛውን ከታችኛው ጋር ያያይዛል። ሰው ሁሉ ድርቡ ነው የሚይዘው ይላል፤ የሚይዘው ገመዱ ነው። ጥጎቹን በተለይ። አራቱን ጥጎች ለማንም አትስጡ።

በመጨረሻ ለማስጠሚያ የሚጣልበት ድንጋይ እንዳይንሸራተት እላዩ ላይ ጉልበት የማይደርስ አጥር ትጠልፋላችሁ። ከባሕሩ በቀን ሁለቴ የሚወጣው የውሃ ሙላት ሲመጣ ምንጣፉን ራሱ ያነሳላችኋል።

ለሃይበርት ሰላምታዬን አታድርሺልኝ። ሰላምታ የሚቀበለኝ አይመስለኝም።

ሌንደርት


ኦስተርዋርድ፣ ጁን 23 ቀን 1991

ውድ አጎት ሌንደርት፣

ጓንት የምጥለዋ እኔው ነኝ። አሁንም እጥላለሁ።

ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አለኝ። ሰላምታዎን አላደረስኩም፤ ደብዳቤውን ግን አነበብኩላቸው። ጉንጉኑን ሞክረን እንደ ደረቅ ዳቦ ሲሰባበርብን ሌላ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። አጎት ሃይበርት ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ጨርሰው ተኝተዋል ብዬ ስነሳ እንዲህ አሉ፦

«በሁለት መዳፍ ይላል? የማንን መዳፍ? የሌንደርት መዳፍ የዳቦ መጋገሪያ አካፋ ነው። ለአንቺ በአንድ ክንድ ይበቃሻል።»

«እርጥብ ቅርንጫፉስ አጎት?»

«እሱስ ልክ ነው። ግን እንዴት እንደሚጠመዘዝ አልነገረሽም፤ ስለማይችል ነው። እሱ ሲያስር ላም የሚያልብ ነው የሚመስለው። ነይ፣ ያንን የመጋረጃ ገመድ ስጪኝ።»

የመጋረጃውን ገመድ ፈቱት። ነርሷ ተቆጣች። እሳቸው ግን እስከ ምሳ ሰዓት አስተማሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት አራት ሆነን እንሄዳለን። የአተር ሾርባቸው እየቀዘቀዘ ነው የሚያስተምሩን።

ሌላም ዜና አለኝ፤ እንዴት እንደምነግርዎ ሳስብ ሰነበትኩ። ሙላቱ የለም። የባሕሩ አፍ በግድብ ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ወንዛችን መርቬደ አሁን እንደ ድሮው አይሞላም አይጎድልም፣ አንድ ጣት ቢነሳ ነው። ምንጣፉን የሚያነሳልን የለም። አጎት ሃይበርት ይህንን ስነግርዎ እንዳዝንልዎ አዘውኛል። «እሱ ውሃውን በሰዓት ነበር የሚያውቀው፤ ቀስ ብለሽ ንገሪው» ነው ያሉኝ።

ከዚህ ጋር አጥፌ በላክኩት ትንሽ ወረቀት ላይ ለጠየቅኩዎ ነገር መልስ ካልፈለጉ እንዳልጠየቅኩ ይቁጠሩት። በስብሰባችን ላይ አንድ ሰው ስለ እርስዎ የተናገረውን ሰምቼ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ነው።

አክባሪዎ፣ ያኮባ


ኒውዚላንድ፣ ኦገስት 8 ቀን 1991

ውድ ያኮባ፣

ሙላቱ እንደሌለ ካነበብኩ በኋላ ጓሮ ወጥቼ ቆየሁ። ሰው ሲሞት ይነገራል፤ ወንዝ መተንፈሱን ሲያቆም ግን የሚጽፍልህ የለም። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። መፍትሔ አለው፤ ላይኛው ወንዝ ያሉት ሰዎች ሙላት ኖሯቸው አያውቅም። ምንጣፋቸውን ተዳፋት ላይ፣ በተደረደሩ ድቡልቡል ግንዶች አናት ሠርተው በጀልባ ጎትተው ያወርዱታል። እንደዚያ አድርጉ።

በትንሿ ወረቀት የጠየቅሽኝን አንድ ጊዜ እመልስልሻለሁ፤ ሁለተኛ አትጠይቂኝ። ይህንን ገጽ ለሃይበርት አታንብቢለት።

የታላቁ ጎርፍ ዓመት፣ የ1953 ኦክቶበር ነው። እኛ የኦስተርዋርድ ሰዎች ደቡብ ወርደን የተቀደደ ግድብ ለመዝጋት ምንጣፍ እናሰጥም ነበር። በሙላትና በጉድለት መሐል ውሃው ቆም የሚለው ለሩብ ሰዓት ነው፤ በዚያች ሩብ ሰዓት ድንጋዩ ተጥሎ ማለቅ አለበት። ያን ቀን ውሃው ቀድሞ ዞረ። ወዲያኛው ጥግ ላይ አንድ ገመድ ላልቶ ነበርና ሃርማን ሊያጠብቀው በምንጣፉ ላይ ሮጦ ሄደ። ሲመለስ አየሁት። ይደርሳል ብዬ አሰብኩ። «ጣሉ» አልኩ። ጥጉ ቀድሞ ሰጠመ፤ ሃርማንም አብሮ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ሃይበርት ሊዘል ሲል በቀበቶው ያዝኩት። እጄን ነከሰኝ፤ አልለቀቅኩትም። ሰው ሳልቆጥር ነው ያዘዝኩት፤ ያኮባ፣ ነገሩ ይኸው ነው። አለቃ ከማዘዙ በፊት ሰው ይቆጥራል።

መንደሩ በፊቴ ምንም አላለኝም። ከኋላዬ «ሌንደርት ቸኮለ» ይባል ነበር፤ እውነትም ነው። ሃይበርትም ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ቃል አልተናገረኝም። በማርች ባለቤቴን ማይከንና ሁለቱን ልጆች ይዤ መርከብ ተሳፈርኩ። ማንንም አልተሰናበትኩም።

ሌንደርት


ኦስተርዋርድ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1991

ውድ አጎት ሌንደርት፣

አነበብኩላቸው።

በዚህ ምክንያት ዳግመኛ ባይጽፉልኝ እቀበለዋለሁ። ላደርገው አላሰብኩም ነበር። ቅዳሜ ስገባ ግን «ከሌንደርት ደብዳቤ መጥቷል አይደል? ፊትሽ ላይ አለ» አሉኝ። የለም ማለት አልቻልኩም። «ያንን ቀን ጽፎታል?» አሉ። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «አንብቢው» አሉ፤ ልመና አልነበረም፣ ትዕዛዝም አልነበረም። አነበብኩት። ከዚያ ውሃ ጠየቁኝ፤ ጠጡና ብዕር እንዳነሳ አዘዙኝ። ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ፤ በመሐል የተነጋገርነውንም አልተውኩም፣ «እሱንም ጻፊው፣ ሲጽፉልኝ አጭበረበሩ እንዳይለኝ» ስላሉ።

«ሌንደርት ብለሽ ጀምሪ። ውድ ምናምን አትበይ።

ሌንደርት። ያን ጥግ ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። አንተ አላወቅህም። ጠዋት ከሃርማን ጋር ስለ እናታችን ቤት ተጨቃጭቀን፣ ከንዴቴ ብዛት ቋጠሮውን ሳላጠብቅ ነው ያሰርኩት። ሲላላ ያየሁትም እኔ ነኝ። ‹አንተ ቀላል ነህ፣ ሂድና አጥብቀው› አልኩት። አንተን አላስፈቀድኩም። አንተ በዚያ ሰዓት ውሃውን ነበር የምታየው፤ ሥራህ እሱ ነበር።

ከዚያ ሰዉ ‹ሌንደርት ቸኮለ› ሲል ሰማሁ። አፌን ከፍቼ ‹ገመዱ የእኔ ነው› ማለት ነበረብኝ። ሾርባዬን ጠጣሁ። አንተ ሻንጣህን ስትጭን በመስኮት አይቼሃለሁ። ያኔም ሾርባ እየጠጣሁ ነበር መሰለኝ። የማላናግርህ ተቀይሜህ መስሎህ ከሆነ፣ አይደለም። ባናግርህ እውነቱ እንዳይወጣ ፈርቼ ነው።»

እዚህ ላይ ብርድ ልብሳቸውን ሳቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልሂድ ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«ቁጭ በይ፣ ዋናው ገና ነው። ቀበቶዬን ይዘህ ያስቀረኸኝ ጊዜ ከሚስቴ ጋር ከተጋባን ገና አንድ ዓመታችን ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ሴቶች ልጆች ወለድን። አሥራ አንድ የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ አዋላጅነት ትማራለች። ሁሉም ከዚያ ከያዝከው ቀበቶ የመጡ ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አመሰግንሃለሁ ሳልል ኖርኩ። አሁን እልሃለሁ። አመሰግንሃለሁ ሌንደርት። እጅህን ስለነከስኩህም ይቅርታ።

ጻፍሽው?»

«ጽፌዋለሁ፣ አጎት።»

«አነባለሽ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«ወረቀቱን እንዳታረጥቢው። ገመድ አስተሳሰሩ ግን አሁንም አያምርም ብለሽ ጨምሪበት።»

ያኮባ


ኒውዚላንድ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1991

ውድ ያኮባ፣

አልተቀየምኩሽም። ለሰባት ሳምንት ያልጻፍኩት መቀመጫ አጥቼ ነው፤ ስቀመጥ እነሳለሁ፣ ስነሳ እቀመጣለሁ። ልጄ ሄርሚን ሐኪም ልትጠራብኝ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ነገርኳት። ስለ ሃርማን ሰምታ አታውቅም ነበር። ከሀገር የወጣነው ለመሬቱ ስንል መስሏት ነው ያደገችው። ደብዳቤውን አነበበችና ወጥታ ለእህቷ ስልክ ደወለች፤ ከዚያ ሁለቱም እሑድ መጡና ቀኑን ሙሉ አብረውኝ ዋሉ። ማይከ ይህን ሳታውቅ መሞቷ ነው የሚቆጨኝ። እሷ ግን ከእኔ በፊት ጠርጥራ ነበር፤ «ሃይበርት የተቀየመ ሰው ፊት የለውም» ትለኝ ነበር፤ አላመንኳትም።

የሚቀጥለው ለሃይበርት ነው፤ ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ ጆሮው እንደ ድሮው ከሆነ።

ሃይበርት። ገመዱ የአንተ ከሆነ፣ ትዕዛዙ የእኔ ነው። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት እያንዳንዳችን ብቻችንን የተሸከምነውን ለሁለት ብንይዘው ኖሮ ይቀለን ነበር፤ ሁለታችንም ሞኞች ነበርን። ልጆችህ ስንት እንደሆኑ ሳነብ ቀስ ብዬ ቆጠርኳቸው። አራትና አሥራ አንድ። አመሰግናለሁ፤ ብትነግረኝ ኖሮ ከዚህ በፊት ብዙ ቀን ደስ ባለኝ። እጄ ድኗል። ስለ አስተሳሰሬ ያልከውን ግን አልቀበልም። በአሥራ አራት ዓመት አንድ ቋጠሮዬ አልተፈታም፤ ሲፈታ ያየ ሰው ካለህ ስሙን ጥራ።

ያኮባ፣ ስለ ማስጠሙ የጠየቅሽኝን እነሆ። ምንጣፉን ከቦታው ስታደርሱ በአራት መልህቅ ያዙት። ድንጋይ የጫኑ ጀልባዎች በግራና በቀኝ ይቁሙ። ከሁለቱም ወገን እኩል ይጣል። «ጣሉ» የሚለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እሱም ከማለቱ በፊት ሰዉን ሁሉ በስም ይቁጠር፤ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እየሰማ። ይህ በአባቶቻችን ሥርዓት ውስጥ የለም። እኔ የጨመርኩት ነው።

ሌንደርት


ኦስተርዋርድ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1992

ውድ አጎት ሌንደርት፣

ትናንት ቅዳሜ ምንጣፋችን ሰጠመ። እጄ እስካሁን ቅጥራን ቅጥራን ይሸታል፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ እንደዚያው ነበር፣ ቄሱም ጭምር።

በክረምቱ ቆርጠን፣ በጸደይ ጎነጎንን፣ በበጋው ዘረጋነው። ርዝመቱ ሃያ እርምጃ፣ ወርዱ አሥር። አራቱን ጥጎች ለማንም አልሰጠንም፤ አጎት ሃይበርት በተሽከርካሪ ወንበር መጥተው፣ አንዱን ራሳቸው አሰሩት፣ ሦስቱን እሳቸው እያዩ እኔ አሰርኩ። ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ አስፈትተውኛል። «ይህ የሌንደርት ነው፤ ከእሱ ተማርሽው» አሉኝ። ሦስተኛው ላይ ምንም አላሉም። ነርሷ «ዝም ካሉ ወደውታል ማለት ነው» አለችኝ።

እኩለ ቀን ላይ ጀልባዋ ጎተተችው። በግንዶቹ ላይ ሲንከባለል ድምፁ ነጎድጓድ ይመስል ነበር። ውሃው ላይ ሲያርፍ ግን ጭጭ አለ፣ ተንሳፈፈም። ከሦስት መንደር የመጣ ሰው ግድቡ ላይ ሞልቶ ነበር። መሐንዲሱም ቦት ጫማ አድርጎ ድንጋይ ጣለ።

«ጣሉ» የሚለው ማን ይሁን ብለን አልተከራከርንም። አጎት ሃይበርትን ከውሃው ጠርዝ አደረስናቸው። የሁላችንን ስም በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ወረቀቱን አላዩትም። አንድ በአንድ ጠሩን፤ እያንዳንዳችን «አለሁ» አልን። ከረዱን ሰዎች ጋር ሠላሳ አንድ ነን። ጨረሱና ምንጣፉን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ምንም አልነበረበትም፣ አንዲት ዳክዬ ብቻ ዳር ላይ ቆማ ነበር። ሰዉ መሳቅ ሲጀምር እጃቸውን አነሱና እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩን። ማንም አልሳቀም። እንደገና ሠላሳ አንድ ጊዜ «አለሁ» ተባለ።

«ሁላችሁም አላችሁ» አሉ። ለእኛ የነገሩን አልመሰለኝም። ከዚያ «ጣሉ» አሉ፤ ድምፃቸው ከወዲያ ማዶ ተሰማ።

በሰባት ደቂቃ ውስጥ ወረደ። አራቱም ጥጎች እኩል።

ስንመለስ ወንበሩን የምገፋው እኔ ነበርኩ። ግድቡ ላይ በሚያውቋቸው ሰዎች ፊት አስቆሙኝና፣ ያንን የድሮውን ነገር፣ የገመዱን ጉዳይ፣ በራሳቸው አፍ ነገሯቸው። በስብሰባችን ላይ «ሌንደርት ቸኮለ» ያለው ሰውም እዚያ ነበር። ቆቡን አወለቀ። ለእርስዎ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ነግሮኛል፤ እጁ ለብዕር አልተፈጠረምና ቢዘገይ አይፍረዱበት።

በመንደሩ ስም አመሰግንዎታለሁ። በራሴ ስም ደግሞ ለብቻ።

ያኮባ


ኦስተርዋርድ፣ ማርች 14 ቀን 1993

ውድ አጎት ሌንደርት፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሄርሚን የዓይንዎ ቀዶ ጥገና መልካም መሆኑንና ፋሻው መነሳቱን ስለጻፈችልኝ አሁን ራስዎ ማንበብ ይችላሉ ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። ጠመዝማዛው ይዟል። በጃንዋሪ ውሃው እስከ ግድቡ ወገብ ወጥቶ ነበር፤ ሲወርድ መሐንዲሱ በጀልባ መጥቶ ከሥር ለካ። አንድ ክንድ መሬት እንኳ አልሄደም፤ ጭራሽ ደለል ይዞልናል። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ባለፈው ማክሰኞ ደረሰን፦ ማሳው አይነካም። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ምንጣፍ እንድንሠራም ጠይቀውናል።

አሁን ይቅርታ የምለምንበት። አጎት ሃይበርት ኖቬምበር አራት ቀን ጠዋት አረፉ። አራቱም ልጆቻቸው አጠገባቸው ነበሩ። እርስዎ በዚያው ሳምንት ሆስፒታል እንደሚገቡ፣ ሐኪሙም ማልቀስ ለዓይኑ መጥፎ ነው እንዳለ ሄርሚን ስለነገረችኝ፣ ተማክረን ደበቅንዎ። የገና ካርዱን ስልክልዎ «ከሁላችንም» ብዬ የጻፍኩት እየተሳቀቅኩ ነው። አራት ወር ሙሉ ዋሽቼዎታለሁና እንደ ልጅ ይቁጡኝ።

ከማረፋቸው አንድ ቀን በፊት አግኝቻቸው ነበር። ለእርስዎ የምጽፈው ካለ ብዬ ስጠይቅ «ተጽፎ አልቋል፤ ከእሱ ጋር አሁን ምንም የቀረን የለም» አሉኝ፤ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። የቀብሩ ቀን ልጆቻቸው የእርስዎ ስም በጸሎቱ እንዲጠራ ጠየቁ። ትልቋ የልጅ ልጅ፣ አዋላጅነት የምትማረው፣ አድራሻዎን ወስዳለች።

ያኮባ


ኒውዚላንድ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1993

ውድ ልጄ ያኮባ፣

አልቆጣሽም። አውቄዋለሁ። ከኖቬምበር በኋላ በላክሽው ነገር ላይ ስድብ አልነበረበትም። ሃይበርት በሕይወት ቢኖር ለገና ሳይሰድበኝ አያልፍም ነበር። ሄርሚን ካርዱን ስታነብልኝ ዓይኔ በፋሻ ነበርና አንቺም እሷም የፈራችሁትን ለቅሶ እዚያው ፋሻው ውስጥ አልቅሼዋለሁ፤ ሐኪሙ አላወቀም፣ ዓይኔም ድኗል። እናንተ ለእኔ ብላችሁ ስትደብቁ፣ እኔም ለእናንተ ብዬ እንዳላወቀ ሆንኩ። ስለዚህ እኩል ነን።

ስለ ማሳው ያነበብኩትን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሁለተኛው ጊዜ ለሄርሚን ባል እየተረጎምኩ ነበር።

የሃይበርት የልጅ ልጅ ጽፋልኛለች። ባለፈው ወር ያዋለደችው ሕፃን አራት ኪሎ ተኩል እንደነበረ፣ አያቷ ቢኖሩ «ለሌንደርት ጻፊለት» ይሏት እንደነበር ነገረችኝ። ያ ከስብሰባው የነበረው ሰውም ጽፏል፤ አራት መስመር ነው፣ ሁለቱ ስለ አየሩ ናቸው። መለስኩለት፤ እኔም ስለ አየሩ ጽፌ።

ምስጋና እኔ ዘንድ ለረጅም ጊዜ እንግዳ ነበር፤ ሲመጣ የት እንደማስቀምጠው ግራ ይገባኝ ነበር። ሃይበርት አመሰግንሃለሁ ሲለኝ አሳፈረኝ። አሁን አያሳፍረኝም። አንቺን አመሰግንሻለሁ፤ ስላልታዘዝሽኝ። አንብቢለት ያልኩሽን ብቻ ብታነብቢለት ኖሮ ሁለታችንም ዝም እንዳልን እንቀበር ነበር።

ሌላ የምነግርሽ ነበረኝ፤ አጭር አደርገዋለሁ። እዚህ ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ በክረምቱ የሦስት ገበሬዎችን መሬት ወስዷል። የሄርሚን ባል በገበያ ላይ ደብዳቤሽን አውርቶት ኖሯል። ትናንት መጥተው ምንጣፉን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አኻያ እዚህ እንደ አረም ነው፣ ማንም አይፈልገውም፤ ልቁረጠው ካልኩ የሚከለክለኝ የለም። እንግሊዝኛዬ እስካሁን ስብርባሪ ነው፤ ግን ይሰሙኛል።

መኪናቸው ከበሩ ላይ ቆሟል። ሄርሚን ካፖርትህን ልበስ እያለች ከኩሽና ትጮኻለች። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ያኮባ፤ ዛሬ ሥራ አለኝ።

ሌንደርት